ጊዜ የሌለው ወላጅ ራሱንና ልጆቹን እንዴት ይጠብቃል?



ባሕር ዳር ላይ የመግሪብ አዛን ሲሰማ የብዙ እናቶችና አባቶች ልብ አብሮ ይሰቀላል። ልጁ ከመድረሳ ተመልሷል? ልጅቷ የተሳፈረችበት ባጃጅ የማን ነው? ባል ሱቁን ዘግቶ እስኪገባ ሚስት ስልኳን ደጋግማ ታያለች። ይህ ጭንቀት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን የተኩስ ድምፅ፣ እገታና የማስለቀቂያ ገንዘብ የዕለት ወሬ ሆነዋል።

በዚያው ክረምት በከተማችን አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። ጉዳዩን መላ አገሪቱ የሰማው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ነበር። ጥፋተኛው 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ይህ ሰው ከጨለማ የወጣ እንግዳ አልነበረም፤ ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት ያከራየ ሰው ነው። ይህን የማነሳው የአንዲትን እናት ቁስል ለመነካካት ሳይሆን፣ ብዙዎቻችን አደጋን የምንጠብቅበት አቅጣጫና አደጋው የሚመጣበት አቅጣጫ እንደሚለያዩ ስለሚያሳይ ነው።

"ራስን መከላከል" ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቴኳንዶና ካራቴ ነው፤ ነጭ ልብስ፣ ቀበቶ፣ ዓመታት የሚፈጅ ልምምድ። ከሱብሒ እስከ ዒሻእ ሲሮጥ ለሚውል ወላጅ ይህ የማይታሰብ ስለሆነ ነገሩን ጨርሶ ይተወዋል። ነገር ግን ራስን ከመጠበቅ ውስጥ ትልቁ ክፍል ድብድብ አይደለም። ማስተዋል፣ መራቅ፣ መጮህና ማምለጥ ነው። ይህን ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ሰውም ሊማረው ይችላል።

ተወኩል በር ከፍቶ መተኛት አይደለም

አንዳንድ ወገኖቻችን "የተጻፈው አይቀርም" ብለው ጥንቃቄን የኢማን ማነስ ያስመስሉታል። ቲርሚዚይ በዘገቡት ታዋቂ ሐዲስ ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ ነብዩ (ሶ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ ነግረውታል። በሱረቱ ኒሳእ 102ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) በፍርሃት ጊዜ ስለሚሰገድ ሶላት ሲያስተምር፣ ሰጋጆቹ ሶላት ላይ ሆነው እንኳ ጥንቃቄያቸውን እንዲይዙ አዟል። ሶላት ውስጥ ያልተነሳ ጥንቃቄ ገበያ ውስጥ ሊነሳ አይችልም።

ነብዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጆቻቸውን ወደ ግብፅ ሲልኩ በአንድ በር ተሰብስበው እንዳይገቡ፣ በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሯቸው፤ ወዲያውም ይህ ምክር የአላህን ውሳኔ እንደማይመልስ አስረዷቸው። የአባት ሥራ ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ምክንያቱን ያደርሳል፣ ውጤቱን ለአላህ ይሰጣል። ቡኻሪይና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስም ምሽት ሲገባ ልጆችን ወደ ቤት መሰብሰብና በአላህ ስም በር መዝጋት ታዟል። ከመግሪብ በኋላ ልጅን "ሄደህ ሳሙና ግዛ" ብለን ወደ ሱቅ መላክ ያቆምን ቀን አንድ ሱናን ሕያው አድርገናል፤ አንድ የአደጋ በርም ዘግተናል።

የኢማም አን-ነወዊይ መሰላል

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ርዕስ "ደፍዑ ሷኢል" ይሉታል፤ ወሰን አልፎ የመጣን አጥቂ መመከት ማለት ነው። ከ700 ዓመታት በፊት ያረፉት ኢማም አን-ነወዊይ፣ የአገራችን የሻፊዒይ ፊቅህ ተማሪዎች በሚቀሩት "ሚንሃጅ" በተሰኘው ኪታባቸው፣ አጥቂን መመከት ከቀላሉ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንደሚሆን አስቀምጠዋል። በንግግር ወይም ሰው ጠርቶ መመለስ ከተቻለ መምታት አይፈቀድም። በእጅ መመለስ ከተቻለ ወደ አለንጋና ወደ በትር አይኬድም። ሮጦ ማምለጥ ከተቻለ ደግሞ በመዝሀቡ የጸናው ብይን መሸሽ ግዴታ ነው የሚለው ነው።

ይህ ብይን "የወንድ ልጅ አይሸሽም" ከሚለው ባህላችን ጋር ይጋጫል። ለአንድ ስልክ ብሎ ከሌባ ጋር ተያይዞ በጩቤ የተወጋን ሰው ጀግና እንለዋለን፤ ጫማውን ጥሎ የሮጠውን ደግሞ እንስቅበታለን። ልጆቹን ለማሳደግ በሕይወት የተመለሰው ግን ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ንብረቱን ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮ የለም ወይ? አዎ፣ ተነግሯል። ይሁን እንጂ የሻፊዒይ ሊቃውንት ንብረትን መከላከል የተፈቀደ እንጂ ግዴታ እንዳልሆነ ያብራራሉ። ንብረቱን አሳልፎ ነፍሱን ያዳነ ሰው ኃጢአት የለበትም። ክብርን መከላከል ግን ከዚህ ይለያል፤ በሴት ላይ የሚመጣን ደፋሪ መመከት ለሚችል ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።

"ለሚችል" የሚለው ቃል እንዳይዘለል። ብርቱ ድንጋጤ ሲመጣ የብዙ ሰው አካል ይደርቃል፤ ድምፅ አይወጣም፣ እግር አይንቀሳቀስም። ይህ አካል በራሱ የሚያደርገው ነገር እንጂ ፈቃደኝነት አይደለም። በሸሪዓችን የተገደደ ሰው ወንጀል የለበትም። ስለዚህ የተጎዳችን እህት "ለምን አልጮኽሽም?" ብሎ መጠየቅ ዕውቀትም አይደለም፣ ራሕመትም አይደለም።

የአገሪቱ ሕግ ምን ይላል?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ላይ ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል። ራስን ወይም ሌላን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት ለመከላከል የተፈጸመ ድርጊት የማያስቀጣው፣ ጥቃቱ እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና የመከላከያው መጠን ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈ መከላከልን ይመለከታል። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላል፤ ልኩ የታለፈው ጥቃቱ ባስከተለው ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነ ጨርሶ ላይቀጣም ይችላል።

ይህ በተግባር ሲታይ፣ አጥቂው ወድቆ ወይም ሮጦ ሳለ ተከትሎ መደብደብ መከላከል አይደለም፤ በቀል ነው። ነገ ተመልሶ "ትናንት መትቶኝ ነበር" ብሎ መማታትም እንደዚያው ነው። የኢማም አን-ነወዊይ መሰላልና የወንጀል ሕጉ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፦ አደጋው ሲቆም እጅም ይቆማል።

የ12 ሰዓት ትምህርት ምን ለወጠ?

"በጥቂት ሰዓት ምን ይለወጣል?" ለሚሉ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 900 በሚጠጉ የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ ነው። ግማሾቹ ብሮሹር ብቻ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ በአራት ክፍለ ጊዜ የተከፈለ የ12 ሰዓት ሥልጠና ወሰዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ብሮሹር ከተሰጣቸው ከ100 ወደ 10 የሚጠጉት ተደፍረዋል፤ ከሠለጠኑት ግን ወደ 5 ገደማ። በግማሽ ሊቀንስ የተቃረበ ለውጥ ነው።

ሥልጠናው ሴቶቹን ተዋጊ አላደረጋቸውም። ያስተማራቸው ሦስት ነገር ነው፦ አደጋን ቀድሞ መገመት፣ የታየውን አደጋ ለራስ አምኖ መቀበል፣ ከዚያም ሳይዘገዩ እርምጃ መውሰድ። ለኛ ሰው መካከለኛው ይከብዳል። የአጎት ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የታወቀ ነጋዴ ወሰን ሲያልፍ "እሱማ እንዲህ አያስብም" እያልን እናልፈዋለን። ይሉኝታ የስንቱን በር ከፍቷል!

አራት ነገሮችን አካልዎን ያስለምዱት

አንደኛ፣ ድምፅ። ሴት ልጆቻችንን ዝግ ብለው እንዲናገሩ እናሳድጋለን፤ መልካም አደብ ነው። በአደጋ ጊዜ ግን ኡኡታ የሸሪዓ መፍትሔ ነው፤ ሊቃውንቱ ከመምታት በፊት ያስቀመጡት ሰው መጥራትን ነው። "ተው! አትንካኝ!" ብሎ ከሆድ መጮህ ልምምድ ይፈልጋል። ያልተለማመደ ጉሮሮ በቀኑ ይዘጋል።

ሁለተኛ፣ የተያዘ እጅን ማስለቀቅ። የጨበጠን እጅ ደካማ ጎኑ አውራ ጣቱና ሌሎቹ ጣቶች የሚገናኙበት ክፍተት ነው። ወደ ኋላ ከመጎተት ይልቅ የእጅን አንጓ ወደዚያ ክፍተት አዙሮ ክርንን ወደ ፊት በማጠፍ በፍጥነት መንጠቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ መምታት። ቡጢ ያልለመደን እጅ ይሰብራል። የመዳፍ ሥር ወደ አፍንጫ፣ ጉልበት ወደ ብሽሽት፣ የጫማ ጠርዝ ወደ ቅልጥም ይበቃሉ። ዓላማው ማሸነፍ አይደለም፤ የሁለት ሴኮንድ ክፍተት አግኝቶ መሮጥ ነው።

አራተኛ፣ ወዴት እንደሚሮጡ ማወቅ። ብርሃንና ሰው ወዳለበት፣ ወደ ተከፈተ ሱቅ፣ ወደ መስጂድ። በየቀኑ በሚሄዱበት መንገድ ላይ እስከ ስንት ሰዓት የትኛው ሱቅ እንደሚከፈት ያውቃሉ?

ለእህቶች ሁለት ነገር ልጨምር። ሒጃብን በመርፌ ቁልፍ አንገት ሥር አጥብቆ መያዝ ሲጎተት ያንቃል፤ ሲሳብ የሚላቀቅ አያያዝ ከሥሩ ከሚለበስ ኮፍያ ጋር ክብርንም አንገትንም ይጠብቃል። ስልጠናውንም ሴት አሠልጣኝ፣ በሴቶች መካከል፣ በመድረሳ አዳራሽ ወይም በአንዷ ቤት ልትሰጠው ትችላለች። የአነስ ኢብኑ ማሊክ እናት ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) በሑነይን ዘመቻ ራሷን ለመከላከል ኸንጀር ይዛ እንደነበር ሙስሊም ዘግበዋል፤ ነብዩም (ሶ.ዐ.ወ) አላወገዟትም። ይህ ቦርሳ ውስጥ ቢላ ያዙ ማለት አይደለም። ያልሠለጠነ ሰው የያዘው ቢላ ተነጥቆ በራሱ ላይ ይዞርበታል፤ ሕጉም ፊት ያስጠይቀዋል። ከታሪኩ የምንወስደው እናት ራሷን መከላከሏ ከሐያእ ጋር እንደማይጋጭ ነው።

ልጆችን ምን እናስተምር?

ለዚህ እስልምና የሰጠን ሥርዓት ዝግጁ ነው። በሱረቱ ኑር 58ኛው አንቀጽ ልጆች በሦስት ጊዜያት አስፈቅደው እንዲገቡ ታዟል፤ አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታ መለየት በሐዲስ መጥቷል። ዐውራን ስናስተምር "ሸፍኝ" ብቻ አንበል። "ይህን ቦታ ማንም አያይም፣ ማንም አይነካም፤ ቢነካሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ለኔ ንገሪኝ" እንበል። ልጅ ለመናገር ስም ያስፈልገዋል፤ የአካል ክፍሉን መጥራት ያፈረ ልጅ የደረሰበትን መናገር አይችልም።

ሦስት የቤት ሕጎች ይኑሩን። ከእናትና ከአባት የሚደበቅ ምስጢር የለም፤ "ለማንም እንዳትናገር" ያለ አዋቂ ወዲያው ይነገርበታል። ልጁ ካልፈለገ ማንንም ዘመድ እንዲስም አይገደድም። ልጅ አንድ ነገር ሲነግረን አንቆጣም፤ አንዴ የተቆጣነው ልጅ ሁለተኛ አይነግረንም።

ኸልዋ የተከለከለው ለወጣቶች ብቻ አይመስለን። አከራይ፣ ሞግዚት፣ አስጠኚ፣ የሩቅ ዘመድ፣ እኛም ኡስታዞች ጭምር ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ውስጥ ብቻችንን መሆን የለብንም። በመድረሳ በሩ ክፍት ይሁን፤ ሁለት አዋቂ ይኑር። ይህን ሕግ የሚጠላ ኡስታዝ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። በኪራይ ግቢ የምንኖር ደግሞ ልጁን ለማን ትተነው እንደምንወጣ፣ የክፍላችን ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ እናጣራ።

ባጃጅ፣ ትምህርት ቤትና ስልክ

መምህር ሳለሁ ከማልረሳቸው ቀኖች አንዱ ይኸው ነው። ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ሰው "አባቷ ልኮኝ ነው" ብሎ ተማሪ ሊወስድ መጣ። ጥበቃው ሊፈቅድ ነበር። ልጅቷ ግን "የቤታችንን ቃል ንገረኝ" አለችው፤ ሰውየው ዝም አለ። አባቷ ሲደወልለት ማንንም እንዳልላከ ነገረን። ያቺን ልጅ ያዳናት እናቷ ቡና እያፈላች ያስተማረቻት አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ በየቤቱ የምስጢር ቃል ይኑር፤ ከተነገረ በኋላ ይቀየር። ለትምህርት ቤቱና ለመድረሳው ልጁን የሚወስዱ ሰዎች ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጥ። የኮንትራት ባጃጁን ሾፌር ስም፣ ስልክ፣ ታርጋና የጎን ቁጥር ሁለቱም ወላጆች ይያዙ። ልጁ የአንዱን ወላጅ ስልክ በቃሉ ይወቅ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን አንርሳ፤ በቴሌግራም ብቻ የሚገናኝ ቤተሰብ በዚያ ጊዜ ተጠፋፍቷል። የልጅን ዩኒፎርም፣ የትምህርት ቤት ስምና የቤት ዕቃ በፌስቡክና በቲክቶክ መለጠፍ ደግሞ ለአጋች መረጃ በነፃ ማቅረብ ነው። ነጋዴዎችም የሚመላለሱበትን ሰዓትና መንገድ ይለዋውጡ፤ የያዕቁብ ምክር ይህ ነው።

መሣሪያ ሲመዘዝ፣ ተኩስ ሲሰማ

መሣሪያ የያዘ ሰው ገንዘብ ወይም ስልክ ከጠየቀ ይሰጥ። እጅ ይታይ፣ ድንገተኛ እንቅስቃሴ አይኑር። አላህ የወሰደውን ይተካል።

የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ወደ መስኮትና ወደ በረንዳ መውጣት ይቅር። ቆርቆሮም የጭቃ ግድግዳም ጥይት አያቆምም፤ መሬት ላይ መተኛት፣ ከተቻለም በብሎኬት ወይም በድንጋይ ግድግዳ መካከል ባለ ውስጠኛ ክፍል መሆን ይሻላል። ልጁ ትምህርት ቤት ካለ ተኩስ እየተሰማ ለማምጣት መሮጥ ሁለቱንም ያጋልጣል። ከትምህርት ቤቱ ጋር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፦ እስኪረጋጋ ልጆቹ የት ይቆያሉ፣ ማንስ አብሯቸው ይሆናል?

ጣና ዳርም የራሱ ጥንቃቄ አለው

የሐይቃችን ውበት አያዘናጋን። ዳር ላይ ጉልበት የደረሰ ውኃ ድንገት ሊጠልቅ ይችላል፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሰው ሲሰምጥ ዋና የማይችል ተከትሎ አይግባ፤ ሁለት ጀናዛ ይሆናል። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይወርወርለት፤ ይንሳፈፋል፣ ሰውንም ይይዛል። ለሽርሽር ስንሄድ አንዱን በገመድ አስረን መያዝ ምን ይከብዳል? በጀልባ ስንሳፈርም የሕይወት አድን ጃኬት ለልጁ እስኪሰጥ አንነሳ።

ችግሩ ከደረሰ በኋላ

አላህ ይጠብቀንና ጥቃት ከደረሰ፣ ልብስ ሳይታጠብ፣ ገላም ሳይታጠብ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት ቢበዛ በ72 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። የአካባቢያችሁን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ዛሬውኑ ጽፋችሁ በር ጀርባ ለጥፉ።

ከሁሉ በላይ ጉዳዩ በሽምግልና አይዳፈን። "የቤተሰብ ስም ይጠፋል" ተብሎ የተሸፈነ ደፋሪ ቀጥሎ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ይሄዳል። ነውርን መሸፈን ለተጸጸተ ኃጢአተኛ የተነገረ እንጂ ሰውን ለሚጎዳ በደለኛ መሸሸጊያ አይደለም።

የአንድ ወር ዕቅድ

በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከሱብሒ በኋላ ወይም ከእራት በፊት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ቁጥሮችና የምስጢር ቃል ይጠኑ። በሁለተኛው ከልጁ ጋር የትምህርት ቤቱን መንገድ በእግር ተጉዛችሁ መሸሸጊያ ሱቆችን ለዩ። በሦስተኛው ቤት ውስጥ ጩኸትና እጅ ማስለቀቅ ይለማመዱ፤ ልጆች ጨዋታ አድርገው ይወዱታል፣ ጎረቤት ግን አስቀድሞ ይነገረው። በአራተኛው አባትና እናት ተቀምጠው "ዛሬ ተኩስ ቢሰማ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ የት እንገናኛለን?" ብለው ይወስኑ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም በዓመት አንድ ጊዜ ለወላጆች ሥልጠና ቢያዘጋጁ ነፍስንና ዘርን ከመጠበቅ የሸሪዓ ዓላማዎች ውስጥ የሚገባ ሥራ ነው።

በሙስሊም ዘገባ ብርቱ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ ተወዳጅ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ግን መልካም ነገር አለ። ቁጣውን የሚገዛ ሰውም እውነተኛው ብርቱ እንደሆነ ተምረናል። ልጆቻችንን እንዲያ አድርገን እናሳድግ፤ ሲያዩ የሚያስተውሉ፣ ሲነኩ የሚጮኹ፣ ሲያመልጡ የማያፍሩ፣ እጃቸውን ደግሞ በማንም ላይ በከንቱ የማያነሱ።

አላህ ከተማችንን ሰላም ያድርግልን፤ ልጆቻችንን ከፊታቸውም ከኋላቸውም ይጠብቅልን፤ የተነጠቁትን እናቶች ሶብር ይስጣቸው። አሚን።